ሰዓቱ የጠፋበት ኮምፒውተር

ጥቅምት 5፣ 2018፣ ረቡዕ

ዛሬ ከቡና መጋዘን ኮምፒውተር ተሸክሜ ወጣሁ። ቀን ቀን ሂሳብ የምሠራበት መጋዘን ቢሮውን እያደሰ ነው። ላፕቶፕ ተገዛና አሮጌው ዴስክቶፕ በሩ ሥር ተጣለ፤ የሚወስደው ካልተገኘ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሊሸጥ። "ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ጊዜው አልፎበታል" አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ትናንት፣ ጥቅምት 4 ነው። ለአንድ ዓመት የማራዘሚያ መንገድ አለ፤ ግን ማን ይጨነቅለታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይሄን ማሽን አይቀበለውም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በላይ ያለውን ነው የሚያስገባው። የኔው አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው። 8 ጊጋ ራም አለው። በጅማ ከዚህ በባሰ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አውቃለሁ።

በባጃጅ ጭኜ ቦሳ ወዳለው ቤታችን ወሰድኩት። ሾፌሩ "ሲፒዩው ብቻ ነው? ስክሪኑስ?" አለኝ። ሲፒዩ የውስጡ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ሳጥኑን ሁሉ ሲፒዩ የሚለውን ሰው ማረም ግን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ሐሳቤ ይሄ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዓት ጭኜበት ጥግ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰርቨር ይሆናል፣ ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያድል ማሽን ማለት ነው። ዊኪፔዲያን ሙሉውን እገለብጥበታለሁ። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እሷና የጎረቤት ልጆች ጥቅል ሳይገዙ በዋይፋይ ገብተው እንዲያነቡ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ይሆን? ሁለት ቅዳሜ ብዬ ገምቻለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

በካቻቢቴ ከፈትኩት። ውስጡ የቡና ገለፈት ብናኝ ተጋግሮ ፋኑ ላይ እንደ ጨርቅ ተለጥፏል። የጅማ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይጠነክራል። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ራሙን አውጥቼ ጥርሶቹን በላጲስ ፈተግኩ። ይሄን ያስተማረኝ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ እስከዛሬ አሳፍሮኝ አያውቅም። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) እንደ ደረቅ ጭቃ ሆኗል። በአልኮል አጥቤ አዲስ ቀባሁ።

ተነሳ! ግን በተነሳ ቁጥር ቀንና ሰዓት አስገባ እያለ ይቆማል። ለካ የመጋዘኑ ዘበኛ ስወስደው "ሞቷል" ያለኝ ይሄን ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ በቴስተር ለካሁ። 3 ቮልት መሆን ሲገባት 0.9 ናት። ዋና ሥራዋ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን ማስቆጠር ነው። እሷ ስትሞት ማሽኑ በነቃ ቁጥር ጃንዋሪ 1፣ 2013 ነው ብሎ ያምናል።

የጅማው መርካቶ ወርጄ ሰዓት ሠሪዎቹን ጠየቅኩ። የምፈልገው 2032 ነው፤ ያላቸው 2025 ነው። ቁጥሩ እኮ ስም ብቻ አይደለም። 20 ማለት ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር። 2025ቷ ቀጭን ስለሆነች ቦታዋ ላይ ትንቀዋለላለች። "ወረቀት አጥፈህ ከሥር አድርግበት" አለኝ አንዱ። ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን አላደረግኩትም። ቆይ ትመጣለች፣ እስከዚያ ያለባትሪ እቀጥላለሁ አልኩ። ይሄ ነው የተሳሳትኩት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ማታ ከሥራ መልስ ዴቢያን 13 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከፍላሽ ጫንኩ። መጫኑ ያለችግር አለቀ። ቀሪዎቹን ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት ላውርድ ስል እምቢ አለ። ድጋሚ። እምቢ። ጥቅሌ ያለቀ መሰለኝና ሌላ ገዛሁ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ኬብሉን ቀየርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ቆየሁ።

በመጨረሻ መልእክቱን አነበብኩት። ከመጀመሪያው ማንበብ የነበረብኝን ማለቴ ነው። የሚለው ይሄን ነው፦ ይህ ፋይል ገና አልጸናም፣ ሊጸና ከ4,600 ቀን በላይ ይቀረዋል። ፋይሎቹ በፊርማና በቀን ታትመው ነው የሚመጡት። የኔ ማሽን ደግሞ ራሱን እ.ኤ.አ. 2013 ላይ አስቀምጧል። በእሱ ዓይን ዛሬ የተፈረመ ወረቀት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ነው። ልክ ነው እኮ! የነገ ቀን ያለበት ደረሰኝ ቢያመጡልኝ እኔስ እቀበል ነበር?

ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩ። በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ወረደ።

ለወትሮው ይሄ አይገጥምም። ኮምፒውተር ከመስመር ጋር ሲገናኝ ሰዓቱን ከሌሎች ማሽኖች ጠይቆ ያስተካክላል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው ዴቪድ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነው፤ ካቻምና ነው ያረፈው፣ በጥር 2016። ስልካችን ሰዓቱን የማይስተው እሱና ባልደረቦቹ በሠሩት ዓይነት ሥራ ነው። የኔ ግን ዛሬ ከመጠየቁ በፊት አስቸኮልኩት።

በነገራችን ላይ ዛሬ የቸገረው እኔን ብቻ አይደለም። ጠዋት ወደ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ አማዞን ለሌሎች ድርጅቶች ኮምፒውተር የሚያከራይበት የክላውድ አገልግሎት በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተቃውሶ ነበር። ምክንያቱ የስም መዝገብ ነው፤ ማሽኖች እርስ በርስ አድራሻ የሚፈላለጉበት ማውጫ ባዶ መልስ መስጠት ጀመረ። በዚህ የተነሳ ሲግናልና ስናፕቻትን የመሳሰሉ ብዙ አገልግሎቶች ወደቁ። ማሽኑ አለ፣ መረጃው አለ፣ አድራሻው ብቻ ጠፋ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ባትሪዋ ከአዲስ አበባ በሰው መጣች። ገጠምኳት። አጥፍቼ፣ ከሶኬቱ ነቅዬ፣ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ሰዓቱ አልጠፋም። ይሄን ያህል ደስ ይለኛል አላልኩም ነበር።

አሁን ዊኪፔዲያ። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሙሉውን ዊኪፔዲያ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። በጥቅል ማውረዱ የማይታሰብ ነው፤ አንድ ወዳጄ በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አመጣልኝ። የአማርኛው ግን ትንሽ ነው፤ ጽሑፎቹ ወደ 15 ሺህ ናቸው። ከትንሽነቱ በላይ የከነከነኝ ፍለጋው ነው። የእህቴ ልጅ "ፀሐይ" ብላ ጻፈች፣ አገኘች። ጓደኛዋ "ጸሀይ" ብላ ጻፈች፣ የለም አላት። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሰው ሁሉ እንደመሰለው በሚጽፍበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ከፍለጋው በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከነቤተሰባቸው። የቋንቋ አስተማሪዬ ቢያዩኝ ያዝኑብኛል።

ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ ፎንት ነበር የሚጽፈው፤ የአንዱ ፋይል ሌላው ጋ ሲከፈት ዝንጉርጉር ምልክት ይሆናል። አሁን ያ ቀርቷል፤ ግን ቦታ እንበላለን። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው በተለመደው የማስቀመጫ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ አንዱ 3 ይወስዳል። አጭር የስልክ መልእክትም ያው ነው። በውስጡ ያለው ቦታ 140 ባይት ነው። በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ብቻ። ሕዝቡ "ደህና ነሽ"ን በላቲን የሚጽፈው ስለማያፍር ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡ ገፍቶት ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ትናንት ማታ ቤቱን አሸበርኩ።

ሰርቨሩ በየቀኑ ራሱን ወደ ኤክስተርናል ዲስኩ እንዲገለብጥ አዝዤው ነበር። ማታ ከእራት በኋላ ቢሆን ይሻላል ብዬ 2 ሰዓት አልኩት። ችግሩ ኮምፒውተሩ የእኔን 2 ሰዓት አያውቅም። በእሱ 2 ማለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2፣ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ቤቱ ጸጥ ባለበት ፋኑ ጮኸ፣ አሮጌው ዲስክ መንኳኳት ጀመረ። እማዬ "ሌባ!" ብላ ተነሳች። ጎረቤታችን ሐጂ በትራቸውን ይዘው አጥር ላይ ደረሱ።

"ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ ሌሊት ሌሊት ምን ይሠራል?" አሉኝ ጠዋት።

"ይገለብጣል፣ ሐጂ።"

"ምኑን ነው የሚገለብጠው?" ብለው ተሰናበቱኝ። 2ን በ20 ቀየርኩ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች የሚያልፉበት ክላውድፍሌር የሚባል አገልግሎት ወደቀ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ። ቦቶችን፣ ሰው ሳይሆኑ ድረ ገጽ የሚጎበኙ ፕሮግራሞችን፣ ለመለየት የሚጠቀምበት ፋይል በስህተት እጥፍ ሆኖ ከተፈቀደለት መጠን አለፈና ፕሮግራሙን ጣለው። ልጆቹ አላወቁም። ስለ ጉማሬ እያነበቡ ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ትናንት አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከዚህ በፊት መፈንዳቱን የሚናገር የጽሑፍ መዝገብ የለም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ሄደ። አመድ በአየር ላይ ካለ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምላጮቹ ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል፤ በረራ የሚቋረጠው ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ ሮጣ ወደ ሰርቨሩ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። "አጎቴ፣ ያንተ ዊኪፔዲያ መፈንዳቱን አልሰማም።"

አልሰማም። ፋይሉ የተጠቀለለበት ቀን ላይ ቆሟል። ባትሪ ገዝቼ ሰዓቱን አስነሳሁት፤ ውስጡ ያለው ዓለም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አያውቅም። በየስድስት ወሩ አዲስ ፋይል አመጣለሁ አልኳት። "እስከዚያ ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

እማዬ ስለ ቆጣሪው ጠየቀችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ለካሁ። የካርድ ቆጣሪው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፤ ግንባሩ ላይ 1,600 ብልጭታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ አምፖሉን ሁሉ አጠፋሁ፣ ሰርቨሩን ብቻ ተውኩ። በስልኬ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። በየ50 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ። 45 ዋት ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር 32 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ፍሪጁን መልሳ ሰካች።

ከዚያ ሐሳቤ ሄደ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ የተዘጋ የኒውክሌር ማመንጫ እንደገና እንዲከፈትና ኃይሉን ለ20 ዓመት እንዲገዛ ተዋውሏል። 835 ሜጋ ዋት፣ ለዳታ ማዕከል። እዚህ እኛ ደጃፍ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ 184 ሜጋ ዋት ነው። አራት ግልገል ጊቤ ተኩል። ሰው ለኤአይ ጥያቄ ሲጽፍ ጊቤን አያስብም፣ እኔም አላስብም ነበር። ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እኛ ሠፈር ግን መብራት የሚሄደው ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ዝናብና ንፋስ ሲመጣ ሽቦው ስለሚነካካ ነው።

ለዚያ አሮጌ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን፣ አገኘሁ። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው። በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ለአንድ ሰዓት ተኩል መብቃት ነበረበት። በተግባር 11 ደቂቃ ያዘ። ባትሪው አርጅቷል። አንድ ወዳጄ የባጃጅ ባትሪ ግጠምበት አለኝ። አሲዱ ያልታሸገ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል፤ ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አላደርገውም። 11 ደቂቃዋ ማሽኑ በሥርዓት እንዲጠፋ ትበቃለች። ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አደረግኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ተጨማሪ ራም ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዋጋው በጥቅምት ከጠየቅኩት ጋር አይገናኝም። ባለሱቁ "ዶላር ነው" አለኝ። ዘንድሮስ ዶላር ብቻ አይደለም። የዓለም ራም የሚመረተው በዋናነት በሦስት ኩባንያዎች ነው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። የኤአይ ማዕከላት ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚከፍሉ ፋብሪካው ወደዚያ ዞሯል። ማይክሮን ከትናንት በስቲያ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ክሩሻል የሚባለውን ምርቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። የኔ ማሽን የሚፈልገው አሮጌውን ዲዲአር 3 ነው፤ እሱን ማንም ዳታ ማዕከል አይፈልገውም። ዋጋው ግን አብሮ ወጣ። በርበሬ ሲወደድ ጨውም ይወደዳል።

8 ጊጋ ይበቃል። ስድስት ልጅ አንድ ላይ ገብቶ አልተንገዳገደም።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ልጆቹ ገጹ ላይ ሰዓት ይኑር አሉ። በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑም ሰዓቱም።

ከሰዓቱ ጀመርኩ። የእኛ ሰዓት ከተለመደው በ6 ይቀንሳል። ቀንሼ ልጻፍ ስል አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን። 6 ሲቀነስ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የምንዘገይ እንሆናለን። ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚዘገየው ማነው? ሳኦ ፓውሎ! ስለዚህ የገጹን ሰዓት የብራዚል አድርጌ ባለ 12 ሰዓቱን ማሳያ መረጥኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ይላል። ብራዚል በ2019 እ.ኤ.አ. የበጋ ሰዓት መቀያየሩን ስለተወች ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። ከሁሉም ደስ ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ በዚህ ሰዓት ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አያቶቻችን እንደሚቆጥሩት። ቡናው ከእኛ ወጥቶ እነሱ በዓለም አንደኛ ሆኑበት፤ ሰዓቱን እንኳ በውሰት አመጣሁት።

ቀኑ ደግሞ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ሰላሳ፣ ሰላሳ፣ ሰላሳ፣ መጨረሻ ላይ ጳጉሜን። ለፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ ካሌንደር የለም። ጽፌ ለእማዬ አሳየኋት። እሷ መነጽሯን አድርጋ ወደፊት ገፋችው፣ ጳጉሜን ላይ ደረሰች።

"ይሄ 2020 ላይ ጳጉሜን 6 ይላል።"

"አዎ፣ ለአራት ሲካፈል..."

"ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ነው። ዘንድሮ ማርቆስ ነው፣ የሚመጣው ሉቃስ። 2020 ዮሐንስ ነው።"

የፈረንጁን ሕግ ነበር የጻፍኩት። ቀሪው 0 ሲሆን ሳይሆን 3 ሲሆን ነው። ስህተቱን ብቻዬን ብፈልግ ስንት ቀን ይወስድብኝ እንደነበር እንጃ። እሷ በግማሽ ደቂቃ አገኘችው፣ ወንጌላውያኑን በመቁጠር።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ዛሬ የኮምፒውተር ሰዓት የልደት ቀን ነው። ሊኑክስና ዘመዶቹ ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ ዜሮው ጃንዋሪ 1፣ 1970 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962፣ ሌሊት 9 ሰዓት። ካሌንደሬን የፈተንኩት በዚያ ነበርና ልክ ወጣ።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። በ32 ቢት የሚቆጥሩ ማሽኖች ከ2,147,483,647 ሰከንድ በላይ መያዝ አይችሉም። ያ ቁጥር የሚሞላበት ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19፣ 2038 እንደሆነ ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ። በእኛ አስልቼው ግን አላውቅም። አስገባሁት። ጥር 11፣ 2030። ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

ጥምቀት! ታቦቱ ባደረበት፣ ካህናቱ ውሃውን በሚባርኩበት ሰዓት። ለእማዬ ነገርኳት። "ታዲያ ምን ይሆናል?" አለች። የዚህ ቤት ሰርቨር ምንም አይሆንም፣ 64 ቢት ነው። አሮጌው ራውተር ግን 32 ቢት ነው። ውስጡ ያለው ሊኑክስም ከዘመናት በፊት የተጫነ ነው። እንየው አልን።

የራውተሩን ቀን ጥር 11፣ 2030 አደረግኩት፤ ሊሞላ ሰባት ሰከንድ ሲቀረው። የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ ቆጠረች። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ቁጥሩ ተገለበጠ፣ ከዜሮ በታች ወረደ። የታየውን ቀን ወደ እኛ ቀየርኩት፦ ታኅሣሥ 4፣ 1894፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45።

"ያኔ ማን ነበር ንጉሡ?" አለች።

"አዲስ አበባ ምኒልክ። እዚህ ጅሬን ላይ አባ ጅፋር።"

ራውተሩ አባ ጅፋር ቤት ገባ። ራሱ ከድረ ገጽ ጋር ላገናኘው ስል የድረ ገጹ የምስክር ወረቀት ገና አልጸናም ይላል። ይሄንን መልእክት አሁን አውቀዋለሁ። አጥፍቼ አበራሁት። የራሱ ባትሪ የለውምና ከዜሮ ተነሳ። ታኅሣሥ 23፣ 1962። ልክ የዛሬዋ ዕለት።

እማዬ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። "በዚያ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በኩራዝ ነበር የምናጠናው" አለች።

ሰዓቱን ላስተካክል እጄን ስሰድ ያዘችኝ።

"ተወው እስቲ፣ ትንሽ እዚያው ይቆይ።"